ያልታሰበው ድምፅ፦ የኤሌክትሪክ ጊታር ሠሪዎችና የሮክ ኤንድ ሮል ተጫዋቾች

የኤሌክትሪክ ጊታርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ይመስላሉ። ሰብሳቢዎች እንጨቱን፣ ቀለሙንና የተሠራበትን ዓመት ይመረምራሉ፤ ሐያስያን ደግሞ መሣሪያውን ትተው በተጫዋቹ ተሰጥኦ ይመሰጣሉ። ሁለቱም አንድ ጉዳይ ያልፋቸዋል። ዛሬ ክላሲክ የሚባሉት ጊታሮች ለሮክ ኤንድ ሮል ታስበው አልተሠሩም። የሮክ ድምፅ የሚባለው አብዛኛው ነገር እንዲያውም መሐንዲሶቹ ሊያስወግዱት የደከሙለት ጉድለት ነበር።

መነሻው የጩኸት ችግር ነው። በ1930ዎቹ በአሜሪካ የዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ጊታር በነሐስ መሣሪያዎች ድምፅ ይዋጥ ነበር። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ፒክአፕና ማጉያ ሲመጡ ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 ከቤኒ ጉድማን ቡድን ጋር ጊታርን ከአጃቢነት አውጥቶ የሶሎ መሣሪያ አደረገው። ነገር ግን ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር ማጉያው ከፍ ሲል ራሱ ይንቀጠቀጥና ፊድባክ የሚባለውን የማያቋርጥ ጩኸት ያወጣል። መፍትሔው ጊታሩን ከድፍን እንጨት መሥራት ሆነ።

ይህን ለገበያ በማብቃት በኩል የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር ቀዳሚ ነው። ፌንደር በፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወትም አይችልም። ምናልባት የበጀው ይኸው ነው፤ ጊታርን የሚያየው ሊጠገን እንደሚገባው ማንኛውም ዕቃ ነበር። በ1951 ቴሌካስተር የሚለውን ስም የያዘው ጊታሩ አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ ነው፤ ሲበላሽ ተፈቶ በሌላ ይተካል። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ሦስት ፒክአፕና ሦስት ቦታ ያለው መምረጫ ነበረው፤ አንድ ቦታ ለአንድ ፒክአፕ። ተጫዋቾቹ ግን መምረጫውን በሁለት ቦታዎች መካከል ቢያቆሙት ሁለት ፒክአፖች አብረው ሠርተው ቀጠን ያለ፣ የተለየ ድምፅ እንደሚሰጡ ደረሱበት። ፋብሪካው አምስት ቦታ ያለው መምረጫ ማቅረብ የጀመረው በ1977 ነው፤ ማለትም ከሃያ ዓመታት በላይ ዘግይቶ።

የሻካራው ድምፅ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ፌንደር የሚፈልገው የጠራ፣ ያልተዛባ ድምፅ ነበር። በ1951 ግን የአይክ ተርነር ቡድን «ሮኬት 88»ን ለመቅዳት ሜምፊስ ሲደርስ የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት ማጉያ በመንገድ ላይ ተጎድቶ ነበር፤ የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ወረቀት ጠቅጥቆበት እንዲሁ ቀዳው። በ1958 ሊንክ ሬይ «ረምብል» ለተባለው ሥራው ሲል ስፒከሩን ሆን ብሎ በሳው። ሥራው ግጥም የሌለው ሆኖ ሳለ በአንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች ታግዷል፤ ከሳንሱር ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል አስቂኝ ምሳሌ ጥቂት ነው። በ1964 እንግሊዛዊው ዴቭ ዴቪስ ስፒከሩን በምላጭ ተለተለው። ሦስቱን ስናስተያይ ሂደቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አደጋ፣ ከዚያ ዘዴ፣ በመጨረሻም ልማድ።

ጠንካራው ማስረጃ ግን የጊብሰን ሌስ ፖል ነው። በጊታሪስቱ በሌስ ፖል ስም በ1952 ለገበያ የዋለው ይህ ጊታር የማሆጋኒ አካልና የሜፕል ገጽ ያለው ከባድ መሣሪያ ነው። በ1957 የሴት ላቨር ፈጠራ የሆነው ሃምበከር ፒክአፕ ተገጠመለት። የፈጠራው ዓላማ የኤሌክትሪክ እዝታን ማጥፋት ብቻ ነበር። በ1958 ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባው ዓይነት መጣ፤ ገዢ ግን አልበረከተም፤ በ1961 ጊብሰን ቅርጹን ጨርሶ ለወጠው። ከዚያ በ1966 እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜይኦል ጋር በቀዳው አልበም አሮጌ ሌስ ፖል ከማርሻል ማጉያ ጋር አገናኘ፤ በስቱዲዮም እንደ መድረክ ከፍ አድርጎ ካልተጫወተ አልቀዳም አለ። ሃምበከሩ ጠንካራ ምልክት ስለሚልክ የማጉያው ቱቦዎች ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ቶሎ አይሞትም። የማርሻል የመጀመሪያ ማጉያዎች ደግሞ የተቀዱት ፌንደር ለቤዝ ጊታር ከሠራው ቤዝማን ከሚባል ማጉያ ነው። እንግዲህ የብሪታንያ ብሉዝ ድምፅ የጊብሰን ጊታርና የፌንደር ማጉያ ቅጂ ጋብቻ ነው፤ ከሁለቱ ኩባንያዎች አንዳቸውም አላሰቡትም። ጊብሰን በ1968 የድሮውን ቅርጽ መልሶ ማምረት ጀመረ።

ታሪኩን በለንደን ወጣቶች ብቻ መተረክ ግን ትልቅ በደል ነው። በአርካንሶ የተወለደችው የመንፈሳዊ መዝሙር ዘማሪዋ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1944 በቀዳችው «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ደይ» ጊታሯን ከፊት አድርጋ ትዘምራለች። ቹክ ቤሪ በ1955 «ሜይበሊን»ን ያወጣው ከዚህ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ታርፕ በ1964 በማንችስተር በአንድ አገልግሎት ባቆመ የባቡር ጣቢያ ለቴሌቪዥን ስትቀረጽ ጊብሰን ጊታር ይዛ ነበር። ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የገባችው ግን በ2018 ነው፤ ያውም ከሞተች ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ። መዘግየቱን በቸልተኝነት ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ጥቁር፣ ሴትና ዘማሪ መሆኗ የሮክ ጀግና ተብሎ ከተቀረጸው ምስል ጋር አልገጠመም።

ጂሚ ሄንድሪክስ የቀሩትን ክሮች ያገናኛል። ግራኝ ስለነበር ለቀኝ እጅ የተሠራውን ስትራቶካስተር ገልብጦ ክሩን እንደገና ይወጥር ነበር፤ በዚህም ሰያፍ የተገጠመው ፒክአፕ ከክሮቹ ጋር ያለው አቀማመጥ ተለወጠ። ከማርሻል ማጉያዎቹ ፊት ቆሞም ፊድባክን እንደ ዜማ መራው። ድፍኑ ጊታር የተፈለሰፈው ይህንኑ ጩኸት ለማፈን መሆኑን እናስታውስ።

በዚህ መነጽር ሲታይ ሰብሳቢዎች ያልተነካካ ጊታርን ከሁሉ ማስቀደማቸው ከታሪኩ ጋር ይጋጫል። ክላፕተን «ብላኪ» ያለውን ጊታር የገጣጠመው ከሦስት ስትራቶካስተሮች ነው። ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር በ1970 የገዛው ጥቁር ስትራቶካስተር ደግሞ አንገቱና ፒክአፑ ደጋግሞ ተቀይሮለታል፤ እንዲህ ሆኖ በ2019 በ3.975 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ስለዚህ ጊታርን በመስታወት ውስጥ ለብቻው የሚያሳዩ ሙዚየሞች አጠገቡ የተበሳውን ስፒከርና አሮጌውን ማጉያም ማስቀመጥ ይገባቸዋል።