ጠገራ ብርና አንጥረኛው

የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ በሕዝቡ አነጋገር ጠገራ ብር፣ ለነጋዴው መገበያያ፣ ለባላገሩ ጥሪት፣ ለሙሽራይቱ ቤተሰብ ማጫ ነበር። ለአንጥረኛው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ጥሬ ዕቃ ነበር። የአገራችን የብር ጌጥ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የአምባሩና የመስቀሉ ውበት ነው። ማዕድኑ ከየት እንደመጣ፣ በማን ገንዘብ እንደተገዛ፣ ከሥራው በኋላ ለሠራተኛው ምን እንደተረፈው ግን እምብዛም አይጠየቅም። የትንሿን የጌጥ ሥራ ቤት ኑሮ በትክክል ለመረዳት መነሻ የሚሆነው ይኸው ሳንቲም ነው።

ብሩ መመታት የጀመረው በኦስትሪያ በ1741 እ.ኤ.አ. ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ የተመቱት ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዙ ቀሩ። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም ሆነ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የተመታው፣ በላዩ የሚነበበው ዘመን አንድ ነው። ክብደቱ 28 ነጥብ 07 ግራም ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ይህም በእያንዳንዱ ሳንቲም ውስጥ 23 ነጥብ 4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነበር ማለት ነው። በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል፣ ከቡና፣ ከሰም፣ ከዝባድ፣ ከቆዳና ከዝሆን ጥርስ ሽያጭ እየተገኘ ወደ ደጋው ይገባ ነበር። ገበያተኛው ሲቀበለው በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻቸው ላይ የሚታዩትን ፈርጦች እየዳሰሰ ይመረምረዋል፤ የተፋቀውንና የደበዘዘውን ይመልሳል። በዐፄ ምኒልክ ምስል በፓሪስ የተመታውና የ1887 ዓ.ም. ዘመን የተቀረጸበት ብር ሲወጣ፣ ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ቢደረግም፣ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመደውን ፊት መምረጡን አልተወም።

ለአንጥረኛው ይህ የገበያ ጥርጣሬ ብዙም አያሳስበውም ነበር፤ ደብዛዛው ብርም ቢሆን በማቅለጫው ውስጥ ብር ነው። እርሱን የሚጠቅመው የማዕድኑ መጠን የታወቀ መሆኑ ነበር። ንጹሕ ብር እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ለአምባርና ለአልቦ አይመችም፤ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው መዳብ ግን ጥንካሬ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ የአገሩ ሚዛን ራሱ በሳንቲሙ የቆመ ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር እኩል ሲሆን፣ በሚዛኑ አንደኛው ጎን የሚቀመጠውም ብሩ ራሱ ነበር። አንድ ዓይነት ሳንቲም በአንድ ጊዜ ገንዘብ፣ የሚዛን ድንጋይና ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለገለበት ሁኔታ ለሥራው ትልቅ ምቾት ነበረ። ጣጣውም ግን ከዚሁ የመነጨ ነው።

ደንበኛው ጌጥ ሲያሠራ ብሩን የሚያመጣው ራሱ ነው። ብሩ ተቆጥሮና ተመዝኖ ይሰጣል፤ ጌጡ ሲያልቅ እንደገና ይመዘናል፤ አንጥረኛው የእጁን ዋጋ ይቀበላል። በዚህ መካከል ግን በማቅለጥ፣ በመሞረድና በማጽዳት የሚጠፋ አለ። ይህ ጉድለት በተፈጥሮው የማይቀር ቢሆንም፣ ደንበኛው ሁልጊዜ እንደማይቀር አድርጎ አያየውም። ከብሩ ላይ ቆርጦ አስቀርቷል፣ መዳብ ጨምሮበታል የሚለው ጥርጣሬ የሙያው የዘወትር ጥላ ነበር። ስለሆነም ባለጠጋው ብዙውን ጊዜ አንጥረኛውን ወደ ግቢው አስጠርቶ በዓይኑ ሥር ያሠራው ነበር። ሠራተኛውም ወናፉን፣ መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ሞረዱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሥራው እስኪያልቅ ድርጎውን እየበላ ይሰነብታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሙያው ታሪክ ከጥበቡ ያላነሰ ክብደት አለው። ማዕድኑ የደንበኛው በመሆኑ አንጥረኛው በራሱ ገንዘብ ጌጥ ሠርቶ፣ በመደርደሪያ አስቀምጦ፣ ገዢ የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም። አንድ ከበድ ያለ ድሪ ወይም ጥንድ አልቦ ለመሥራት የሚያስፈልገው ብር፣ ለአንድ ደሀ ሠራተኛ ከሥራው ዋጋ ጋር የማይወዳደር ሀብት ነው። ስለዚህ ንድፉን የሚያዘው አዛዡ ነው፤ ሥራ የሚኖረውም አዛዥ ሲመጣ ነው። የአገራችን አንጥረኛ ነጋዴ ሊሆን ያልቻለው የንግድ ችሎታ ስለጎደለው ነው የሚለው የቆየ አስተያየት ከዚህ አንጻር ሲታይ አይጸናም። የጎደለው መነሻ ገንዘብ ነበር።

የሥራው ወራትም በዚሁ የታሰሩ ነበሩ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርግ ስለሚበዛ ወናፉ አያርፍም። ከፋሲካ በኋላም ጥቂት ይሞቃል። ክረምት ሲገባ ግን ከሰሉ ይረጥባል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ የገበሬው እጅ ባዶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አንጥረኛው የተሰበረ ጉትቻ ይበይዳል፣ የላላ ቀለበት ያጠባል፣ መሣሪያውን ያድሳል።

የሥራው ቤት ራሱ ትንሽ ነው፤ ዕቃውም ጥቂት። ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን ወናፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፋው ልጅ ነው፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብሩ በሸክላ ማቅለጫ ቀልጦ በቀጭን ቦይ ውስጥ ይፈስሳል፤ ከዚያ በመዶሻ ይሳሳል። ብር በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ሳይሰነጠቅ እንዲቀጥል ደጋግሞ እስኪቀላ ማሞቅና ማብረድ ያስፈልጋል። መቼ እንደሚበቃው የሚነግር መሣሪያ የለም፤ የቀለሙን ለውጥ የሚያይ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው ምድጃው በጨለማ ጥግ የሚደረገው፤ በጠራራ ፀሐይ የብሩን ቅላት መለየት አይቻልም። ይህን የማያውቅ ጎብኚ የሥራ ቤቱን ጨለማ ከድህነት ብቻ ይቆጥረዋል።

ቀጭኑ ሥራ ሽቦ ነው። የተሳለው ብር በብረት ሰሌዳ ላይ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እያነሱ በሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ በጉጠት እየተጎተተ እንደ ክር ይቀጥናል። ሁለት ክር አንድ ላይ ይገመዳል፤ የተገመደው በመዶሻ ጠፍጠፍ ይደረጋል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ በጌጡ ፊት ላይ ይደረደራል። ፍሬ የሚመስሉት ጥቃቅን ድቡልቡሎች የሚገኙት ደግሞ ሽቦውን በጣም አሳጥሮ በመቁረጥና ቁራጮቹን በከሰል ላይ በማቅለጥ ነው፤ የቀለጠው ብር በራሱ ተሰብስቦ ኳስ ይሆናል። እነዚህን ከሰሌዳው ጋር ለማያያዝ የሚያገለግለው መበየጃ ከጌጡ ቀድሞ መቅለጥ ስላለበት፣ በብሩ ላይ ጥቂት ናስ ተጨምሮ ይዘጋጃል። ቦራክስ ይረጭበታል፤ በአፍ በሚነፋ ቀጭን ቱቦ እሳቱ ወደሚፈለገው ቦታ ይመራል። ትንፋሹ አንድ አፍታ ከረዘመ መበየጃው ብቻ ሳይሆን የሳምንት ሥራ የሆነው ሽቦ አብሮ ይቀልጣል። በአክሱም፣ በዓድዋና በሐረር ሥራዎች የሚደነቀው ስስነት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

መስቀል ግን ብዙውን ጊዜ በሰም ይሠራ ነበር። ቅርጹ በመጀመሪያ ከንብ ሰም ይወጣል፤ በጭቃ ይሸፈናል፤ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ማዕድኑ ይገባል። ጭቃው ስለሚሰበር ያንኑ መስቀል ደግሞ ማውጣት አይቻልም። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ ብለው የሰየሙት የቅኔ መንገድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ሊቃውንቱ ለከፍተኛው ጥበባቸው ከአንጥረኛው ምድጃ ስም ሲዋሱ፣ ኅብረተሰቡ ያንኑ አንጥረኛ በመዓድ አያስቀርበውም ነበር።

ይህም ንቀት ቀላል አልነበረም። እሳትና ማዕድን የሚነካ ሁሉ ጠይብ እየተባለ ይሰደብ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ወርቅና ብር የሚሠራው ከብረት ቀጥቃጩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታይም ከሐሜቱ አላመለጠም። ርስት የተከለከሉት የጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን በብረት፣ በሸክላና በሽመና ሥራ የጸኑት አንድም መሬት ስለሌላቸው ነው፤ ከመካከላቸው ወርቅና ብር የሚሠሩም ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ይህ ሁሉ የእጅ ዕውቀት ከአካባቢው አብሮ ወጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ስም መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ዐዋጁ ለሠራተኛው ትልቅ መከታ ሆነ፤ ይሁን እንጂ አፍን ቢይዝ እንኳ ልጁን ለአንጥረኛ ልጅ የማይድረውን ሰው ልብ ሊለውጥ አልቻለም።

ጥበቡ ግን ከሳንቲሙ እጅግ የቀደመ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ሲያስመቱ፣ በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ በሆነ ሰሌዳ ላይ ወርቅ መለበጥ በዘመኑ የተለመደ ሥራ አልነበረም። ታዲያ ከዚያ ዘመን እስከ ጠገራው ዘመን ድረስ የተሠራው ጌጥ የት ገባ? ከፊሉ በጦርነት ተዘርፏል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚገኘው፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን እንደተሠራ የሚታመነው ዘውድ የዚህ ምስክር ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን የበላው ምድጃው ራሱ ነው። ጌጥ ለባለቤቱ ቁጠባ ነበር፤ ድርቅ ሲመጣ ወይም ልጅ ሲዳር አልቦው ይቀልጣል፣ የአያት ድሪ የልጅ ልጅ አምባር ይሆናል። አንጥረኛው የአባቱን ሥራ በገዛ እጁ ያቀለጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥንታዊ ጌጥ በአገር ውስጥ የጠፋው ሕዝቡ ለቅርስ ግድ ስለሌለው ነው የሚለው ፍርድ ይህን ያላገናዘበ የችኮላ ፍርድ ነው።

የጠገራው ዘመን ፍጻሜ የመጣው በጦርነቱ ዙሪያ ባሉት ዓመታት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መንግሥት የማስመቻውን መብት ከኦስትሪያ ወሰደ፤ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ተመታ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ዐዋጅ የኢትዮጵያ ብር ሲቋቋም፣ ጠገራው ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀረ። የ1936 ዓ.ም. ዘመን የተቀረጸበት የ50 ሳንቲም ገንዘብ ከብር የተሠራ ስለነበር፣ ሕዝቡ ከብር የለመደውን እምነት ወደ አዲሱ ገንዘብ ለማሸጋገር ረድቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራው የወረቀትና የመዳብ ሆነ። በወረቀት ገንዘብ ደግሞ አምባር አይሠራም። አንጥረኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሬ ዕቃውን እንደ ማንኛውም ነጋዴ በገበያ ዋጋ መግዛት ግድ ሆነበት፤ ያልቻለው ወደ ኒኬልና ወደ አሉሚኒየም ዞረ።

በአዲስ አበባ ሁኔታው ሌላ መልክ ያዘ። ከአርመንና ከህንድ የመጡ ወርቅ ሠሪዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከአገሬው ሠራተኞች ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ በፒያሳ የተከፈቱት የወርቅ ቤቶችም ጌጥን በመስኮት ደርድሮ መሸጥን የከተማው ልማድ አደረጉት። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ እንግዳው ሲበዛ፣ ትንሹ አንጥረኛም ለማያውቀው ገዢ መሥራት ጀመረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት መስቀሉን የሚያንጠለጥለው ማን እንደሆነ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ማተቡ ምን ያህል እንደሆነ ያውቅ ነበር። አሁን የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ንድፉን የመምረጥ ነፃነት አገኘ፤ ይህን ነፃነት እንደ ጉዳት ብቻ የሚያዩት፣ በጌታው ግቢ በዓይን ተጠብቆ መሥራት ምን እንደነበረ የዘነጉ ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የእጅ ሠራተኞችን በማኅበር ለማደራጀት ሲነሣም ጥሬ ዕቃን በጋራ የመግዛት ሐሳብ ትክክለኛ ነበር፤ የብር ጌጥ ግን በኮታ የሚመራ ሥራ አይደለም።

በጥር 1980 እ.ኤ.አ. የብር ዋጋ በለንደን ገበያ በአንድ ትሮይ አውንስ ከ49 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያ ስሌት በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር ብቻ 37 ዶላር ያህል ያወጣል። ማዕድኑ ይህን ያህል ሲወደድ በላዩ የፈሰሰው የእጅ ሥራ በሚዛን ላይ አይታይም፤ የተጠለፈውም ያልተጠለፈውም በግራም ይሸጣል። ዋጋው ብዙ ሳይቆይ ወደቀ፤ በማንኛውም አገር በዚያን ጊዜ የቀለጠ ጌጥ ግን አልተመለሰም።

የቪየናው ማስመቻ ያንኑ ብር ዛሬም በ1780 ዘመን ይመታል፤ ገዢዎቹ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ናቸው። በቸርችል ጎዳና ዳር ባሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ደግሞ አሮጌው ጠገራ ከመስቀሎቹና ከጠልሰሞቹ ጎን ተሰቅሎ ይታያል። ገዢው ሳይቀልጥ፣ ሳይሳል፣ ከነንግሥቲቱ ፊት ይፈልገዋል። ከአንጥረኛው የሚጠበቀው በጫፉ ላይ ማንጠልጠያ መበየድ ብቻ ነው።