አገር ስጠኝ

«እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» ይህን ሳይል ያደገ ከመካከላችን ማን አለ? መላሹ ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ጎንደር ይሰጠዋል፤ እሱም እንደ ልቡ ከፎከረ በኋላ መልሱን አውጥቶ ጨዋታው ይቀጥላል። ያልተፈታ ምስጢር ጨዋታውን አይገድለውም ማለት ነው። ታላቁ ጥበብ ይኸው ነው።

ፈረንጆቹ ግን እዚህ ለመድረስ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ አንዱ አጫዋች እየተረከላቸው የሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሜሪካን አገር የታተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ይበልጡን ውጊያ ነበር። በ1981 የወጣው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ተጫዋቹን መርማሪ አደረገው። ታዲያ ጣጣ መጣ፤ ዳይሱ ካልቀና ደብዳቤው ከመሳቢያው አይገኝም፣ ደብዳቤው ካልተገኘ ደግሞ ምርመራው ቀጥ ይላል። ሁሉም አፍጥጦ አጫዋቹን ማየት ነው!

እኛም ይህን የመሰለ መፋጠጥ በታሪካችን እናውቃለን፤ ይኸውም አውጫጭኝ ነው። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው ስሙን ሸሽጎ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ዝም ካለች ካሳው በንጹሑም ላይ ይወድቃል። ወፏ ከዋሸችስ? ባለቂም ጎረቤቱን ያስይዛል ማለት ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለ ጸሐፊ ለአጫዋቾች አንድ ደንብ አወጣ፦ ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት ለሚፈለገው ለእያንዳንዱ ድምዳሜ ቢያንስ 3 ፍንጭ አዘጋጅ። አንዱን ያልፉታል፣ ሁለተኛውን በተሳሳተ ይተረጉሙታል፣ ሦስተኛው ያደርሳቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ሮቢን ሎውስ «ገምሹ» በተባለው የጨዋታ ሥርዓቱ ዋናው ፍንጭ ያለ ዳይስ ይሰጥ ብሎ ነበር።

ነገሩ ለመዝናኛ ብቻ አይመስለንም። መልሱን አንድ ሰው ብቻ ይዞት ሲቀመጥ ሌላው ወይ ይለምናል ወይ ይፈራል። 3 ፍንጭ የያዘ ግን አንዱን በአንዱ እያመሳከረ ራሱ ይፈርዳል። ፍትሐ ነገሥቱስ ቢሆን በአንድ ምስክር መች ይፈርድና!

የሰፈራችን ስም ንፋስ ስልክ ነው፤ ያለ ሽቦ የሚሠራ ስልክ ማለት። በነፋስ የሚመጣ ወሬ ዛሬም ሞልቷል፤ አንዷን ወፍ ሰምተን ሰው እንዳንኮንን እንጠንቀቅ። ቅዳሜ ማታ አጫዋች የምትሆን ወንድማችን ወይም እኅታችን ሆይ፣ ጓደኞችህን አውጫጭኝ አታስቀምጣቸው። ፍንጩን አብዛላቸው። ካቃታቸውም ችግር የለም፤ አገር ተቀበልና ጨዋታው ይቀጥል።