በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ አመዘጋገብ ታሪክ በዩናይትድ ስቴትስ

በዩናይትድ ስቴትስ በሥራ ላይ የሚደርሰው አደጋ በስታትስቲክስ የተያዘበት ታሪክ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን ማን ይጽፈው እንደ ነበር የሚያስጠይቅ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ወደ ፒትስበርግ የሄዱት የሕግ ባለሙያ ክሪስታል ኢስትማን ለጥናታቸው መነሻ ያደረጉት የድንገተኛ አሟሟት መርማሪውን ሹም መዝገብ ነበር። ከጁላይ 1906 እስከ ጁን 1907 በአሌጌኒ አውራጃ 526 ሰዎች በሥራ ላይ ሞተው ነበር። ኢስትማንና ረዳቶቻቸው የሟቾቹን ቤተሰቦች እያፈላለጉ ጠየቁ፤ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ብቻ የነበረው ሰው ባል፣ አባት ወይም የእናት ጧሪ ሆኖ ተገኘ።

በ1970 የወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ ግን የመመዝገቡን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጣለ። የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮም ከ1972 ጀምሮ በናሙና የተመረጡ ድርጅቶችን መዝገብ እየሰበሰበ አገራዊውን ቁጥር ያጠናቅር ጀመር። ዘዴው ለቁስልና ለስብራት ቢያገለግልም ለሞት አልበጀም፤ ሞት በአንድ ድርጅት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚደርስ በመሆኑ ከናሙና ያመልጣል፤ በገዛ እርሻው የሚሠራ ገበሬም በአሠሪ መዝገብ ላይ አይገኝም። በ1992 ቢሮው ወደ ኢስትማን መንገድ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ የሞት ምስክር ወረቀትን፣ የካሳ ሰነድንና የመርማሪ ሪፖርትን እያመሳከረ ሟቾችን አንድ በአንድ ይቈጥር ጀመር። የቁስለኞች ቈጠራ ግን በቀድሞው ዘዴ ቀጠለ፤ ጣቱ የተሰበረ ሠራተኛ በጥናቱ የሚገባው አሠሪው ከመዘገበው ብቻ ነው።