ድምፁ ከየት ይምጣ?

አዲስ ቴሌቪዥን የገባበት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግና ምላሽ ነው። ምስሉ ጠርቶ፣ ቀለሙ አምሮ፣ የተዋናዩ ግንባር ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይቆጠራል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጥያቄው ይጀምራል፦ «ምን አለ? ምንድነው ያለው?» አንዱ ሪሞት አንስቶ ድምፁን ይጨምራል። ፍንዳታ ወይም ማስታወቂያ ሲመጣ ሌላው ተሯሩጦ ይቀንሳል። ጆሮአቸው ደከም ያለ አባት ወይም እናት ትንሽ ይታገሉና «በሉ እናንተ እዩት» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ምስሉ የሰበሰበውን ቤተሰብ ድምፁ ይበትነዋል ማለት ነው።

ሰሞኑን በእኛም መካከል ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። ሆም ቲያትር ይገዛ ወይስ ሳውንድ ባር? ስፒከሩ ሁለት ይሁን፣ አምስት፣ ሰባት? ከሻጭ ጋር ከመከራከራችን በፊት ታሪኩን ብናገላብጥ ይሻላል አልን። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው የምናያቸው ሳጥኖች እያንዳንዳቸው አንድ ዘመን ላይ ለተነሳ አንድ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸውና። ችግሩን ያላወቀ ሰው መልሱን በውድ ይገዛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።)

ፊልሙ ያላስደሰተው መሐንዲስ

አለን ብሉምላይን ኢኤምአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። እንደሚተረከው ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ አንድ ነገር ከነከነው። ተዋናዩ ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን አንድ ቦታ እንደተቸነከረ ነው። ሰውየው እዚያ፣ ድምፁ እዚህ! በዲሴምበር 1931፣ ገና የ28 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ዛሬ ስቴሪዮ ለምንለው ነገር የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሰው ልጅ ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለት ጆሮው መካከል ባለችው ጥቂት ልዩነት ነው፤ እንግዲያው ያቺን ልዩነት ቀርጾ በሁለት ስፒከር መመለስ ይቻላል። ብሉምላይን የፈጠራውን ፍሬ ብዙም ሳያይ በ1942 የጦርነት ራዳር ሲሞክር አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን። የታሪኩ መነሻ የቦምብ ፍንዳታ ወይም የመኪና ጩኸት አይደለም። የሚናገር ሰው ነው።

በ1940 ዋልት ዲዝኒ «ፋንታዥያ» የተባለውን ፊልም ይዞ ሲመጣ የኦርኬስትራውን ድምፅ በተመልካቹ ዙሪያ የሚያመላልስ «ፋንታሳውንድ» የተባለ ሥርዓት ሠራ። ግሩም ነበር። ችግሩ ድምፁ ከምስሉ ተለይቶ በሌላ ፊልም ላይ መጓዙ፣ መሣሪያው ውድና ብዙ መሆኑ፣ ተከላውም አድካሚ መሆኑ ነበር። በጥቂት ከተሞች ታይቶ ቀረ። የማይተከል ነገር የቱንም ያህል ቢያምር ከሳጥኑ አይወጣም።

ቴሌቪዥንን ሊያሸንፍ የመጣ ድምፅ

በ1950ዎቹ አሜሪካውያን ቴሌቪዥን ገዝተው ቤታቸው ሲከተቱ ሲኒማ ቤቶች ወንበራቸው ባዶ ቀረ። ፊልም ሠሪዎቹም «ቤታችሁ የማታገኙትን እንሰጣችኋለን» ብለው ተነሱ። በ1952 ሲኔራማ ሰባት የድምፅ መስመር ይዞ መጣ፤ በ1953 ሲኒማስኮፕ በአራት መስመር ተከተለ። እንግዲህ ዛሬ ለቴሌቪዥናችን የምንገዛው የዙሪያ ድምፅ በመጀመሪያ የጎለበተው ቴሌቪዥንን ለማሸነፍ ነበር። ጠላት ሆኖ መጥቶ አማች ሆነ!

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ነው፤ ቀለም የለበሰው ደግሞ በ1984። የዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን ሆዱ ትልቅ ነበር። ምስሉን የሚያመነጨው የመስታወት ቱቦ ጥልቀት ስለሚፈልግ ሳጥኑ ይሰፋል፤ ሳጥኑ ከሰፋ ደግሞ ደህና ስፒከር ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ለመቀመጥ ቦታ ያገኛል። የዘንድሮው ስስ ቴሌቪዥን ሆድ የለውም። ስፒከሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም የሚያወሩት ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ነው። ምስሉ ያማረበት ዘመን ድምፁ የከሳበት ዘመን የሆነው ለዚህ ነው።

ከሁለት ወደ ስድስት

አሜሪካዊው ሬይ ዶልቢ በ1965 ለንደን ውስጥ ኩባንያውን ሲመሠርት ሥራው ከቴፕ ላይ የሚሰማውን ሹክሹክታ መቀነስ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው አራት የድምፅ መስመሮችን እንደ ልብስ አጣጥፎ በሁለት መስመር ውስጥ የመክተት ዘዴን ለሲኒማ አመጣ። በ1977 «ስታር ዋርስ» ዝናውን አናኘው። ፊልሞቹ ወደ ስቴሪዮ ቪዲዮ ካሴት ሲገለበጡ የታጠፈው ድምፅ አብሮ ተገለበጠ። በ1982 ለቤት የሚሆን መፍቻ መጣና የኋላውን ድምፅ አወጣ። በ1987 «ፕሮ ሎጂክ» ሲመጣ የመሐሉ ስፒከርም ቤት ገባ።

ይህ የመሐል ስፒከር ምን ያደርጋል? ሁለት ስፒከር ብቻ ሲኖር በትክክል የሚሰማው መሐል የተቀመጠው ሰው ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ንግግሩ ሁሉ እሱ አጠገብ ካለው ስፒከር የሚመጣ ይመስለዋል። የመሐሉ ስፒከር ንግግሩን ከምስሉ ጋር አስሮ ይይዘዋል። የብሉምላይን ጥያቄ ሳሎናችን ውስጥ መልስ ያገኘው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ታየ፤ በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» ድምፁን በሲዲ ይዞ መጣ። በ1996 ጃፓን ውስጥ የተጀመረው ዲቪዲ «5.1» የተባለውን አሠራር ወደ ቤት አወረደው፦ ሦስት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከጎንና ከኋላ፣ «ነጥብ አንዷ» ደግሞ ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚሠራው ዉፈር። በ2012 «ብሬቭ» በተባለው ፊልም የመጣው ዶልቢ አትሞስ ከአናታችን በላይ ሳይቀር ድምፅ ጨመረ።

ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ለተነሳው ትውልድ ባለ አምስት ስፒከሩ ሆም ቲያትር የኑሮ መሻሻል ምልክት ነበር። ግን ስንት ቤት ገብተን አምስቱም ስፒከሮች ቡፌው ላይ ተሰልፈው አየን? የኋላዎቹ ሽቦ አልደረሰም፤ ወይም ሽቦው ምንጣፉን አበላሸ ተባለ። የፋንታሳውንድ ዕጣ በእኛም ሳሎን ደረሰ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ?

አንደኛ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ዋት አትደንግጡ። ይህም ታሪክ አለው። የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን አምራቾች የአምፕሊፋየርን ጉልበት እያጋነኑ ቢያስቸግሩት በ1974 የአለካክ ደንብ እስከማውጣት ደርሷል። «ፒኤምፒኦ» የሚለውን ቁጥር እርሱት፤ «አርኤምኤስ» የሚለውን ፈልጉ። እሱም ቢሆን በእጥፍ ሲያድግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እጥፍ አድርጎ አይሰማውም።

ሁለተኛ፣ የቤታችሁን ችግር ለዩ። የሚያስቸግራችሁ ንግግር ከሆነ የመሐል ስፒከር ያለው ሳውንድ ባር («3.1» የሚባለው) ይበቃችኋል። ሙዚቃ የምታበዙ ከሆነ ሁለት ደህና ስፒከሮች ከአምስት ደካሞች ይበልጣሉ። 5.1 የሚያምረው ፊልም ለሚወድና ከሶፋው ኋላ ሽቦ መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው «ሪሲቨር» የዲሹ ሪሲቨር እንዳልሆነም እወቁ፤ ስፒከሮቹን የሚነዳው አምፕሊፋየር ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት አትርሱ። ዉፈር የሚያወጣው ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፤ በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚርገበገበው 17 ሜትር ያህል ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት አያቆመውም። እናንተ ፊልም ስታዩ ጎረቤት ነጎድጓዱን ብቻ ይሰማል።

አራተኛ፣ ቴሌቪዥናችሁ ጀርባ ላይ «ኤአርሲ» የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ሶኬት መኖሩን እዩ። ከ2009 ወዲህ የመጣ ነገር ሲሆን በአንድ ገመድ ድምፁን ያወጣላችኋል።

የመጨረሻው በነፃ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ከፍታችሁ ንግግር የሚያጎላውን ምርጫ ሞክሩ። አንዳንዱ ቤት ችግሩ እዚያው ያልቃል።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ የመኪና ግጭትና የዳይኖሰር ጩኸት ይከፍትላችኋል። ተዉት። ዜና እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፤ ድምፁን ዝቅ አስደርጉና ከመሐል ሳይሆን ከጎን ቁሙ። የዜና አንባቢዋ ቃል ሳይጎድል ከተሰማችሁና ድምፁ ከአፏ የሚወጣ ከመሰላችሁ ዋጋ መጠየቅ ትችላላችሁ።