የጀጎል መጻሕፍትና ደጓሾቻቸው

ስለ ሐረር የሚተርክ ሁሉ አስቀድሞ የሚያወሳው አሚር ኑር በዐሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት ያሳነጹትን የጀጎልን ቅጥርና አምስቱን ጥንታውያን በሮች፣ ቀጥሎም ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ የሚጎርሰውን ጅብ ሲሆን፣ ከተማዪቱ የጸሓፍትና የመጽሐፍ ደጓሾች አገር እንደ ነበረች የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ይህን ለመረዳት የሚሻ የጀጎልን ጠባብ መንገድ ይዞ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ባለሰገነት ሕንፃ ይሂድ። ቤቱን ህንዳዊ ነጋዴ እንዳሠራው፣ ተፈሪ መኰንንም እቴጌ መነንን ባገቡበት ወራት እንደ ተቀመጡበት ይነገራል፤ ዛሬ ግን አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ማንም ሳያዛቸው ከየቤቱ እየለቀሙ በመኖሪያቸው ያከማቹት ቅርስ ወደ ሙዚየምነት አድጎ የሚገኝበት ነው።

የአሚሮቹን ገንዘብ፣ ጎራዴውንና የሴቶቹን ጌጥ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔን የያዙኝ መጻሕፍቱ ናቸው። ብራናና የእንጨት ገበታ የለመደ የቤተ ክርስቲያን ሰው እዚህ ሌላ ጥበብ ያያል፤ ገበታው ወረቀት በወረቀት ላይ ተጣብቆ የጠነከረ፣ ቆዳው ምናልባት በጋለ ብረት በተተኰሰ ሐረግ የተጌጠ ሲሆን፣ ከኋለኛው ገበታ የሚነሣው ክዳን እንደ ፖስታ ታጥፎ የቅጠሎቹን ጫፍ ከአቧራ ይጠብቃል። ከወረቀቶቹም አንዳንዱን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ሦስት ጨረቃዎች በውስጡ ይታያሉ፤ ይህም የኢጣልያ ወረቀት ሠሪዎች ለምሥራቅ ገበያ ያወጡት የነበረ ምልክት ነውና፣ ባሕር ተሻግሮ በግመል ጀርባ የመጣ ወረቀት በሐረር ቀለም ቁርኣንና የሕግ መጽሐፍ፣ እንዲሁም በዐረብ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ቋንቋ ድርሰት ሆኖ መቅረቱን ያስረዳል። በ1847 ዓ.ም. ዐሥር ቀን ያህል በከተማዪቱ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን፣ ለሐረር ብዙ በጎ ቃል ያልነበረው ሰው ሲሆን፣ በድጉሷ ግን ከፋርስ በቀር የሚበልጣት የምሥራቅ አገር እንደሌለ መስክሯል። ከነቃፊ አፍ የወጣ ምስጋና ደግሞ ከወዳጅ ምስጋና ይልቅ ይታመናል።

ጥበቡ ስለምን ተዳከመ? ብዙዎች ምክንያቱን ግብፆች ከተማዪቱን በገዙበት ዘመንና በ1879 ዓ.ም. ሐረር በተሸነፈችበት በጨለንቆ ጦርነት ያሳብባሉ። በእኔ አስተያየት ግን ደጓሹን ሥራ ያስፈታው ጦር ሳይሆን ማተሚያ ቤት ነው፤ በካይሮና በቦምቤ የታተመው መጽሐፍ በርካሽ ሲገባ ጸሓፊው ብዕሩን አኖረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ተራራውን ፈርቶ ድሬዳዋ ላይ ሲቆምም የሲራራው ንግድ ወደ ቆላው ወረደ፣ ደንበኛም ከደጓሹ ደጅ ራቀ።

አቶ አብዱላሂ የተጎዱትን መጻሕፍት ለመጠገን ሲሉ ይህንኑ የድጉስ ሙያ ከአሮጌዎቹ ጥራዞች አጥንተው እንደገና አቁመውታል። ስለዚህ ከአያቶቹ የወረሰውን የእጅ ጽሑፍ በሣጥን ቆልፎ ያኖረ የሐረር ልጅ ሁሉ፣ መስጠት ቢከብደው እንኳ፣ ምስጥ ሳይቀድመው ወደ ሙዚየሙ ወስዶ ያሳይ፣ ያስጠግንም።