ከሸክላ ውጭ የቀሩ ድምፆች

የሙዚቃ ታሪካችን ሲጻፍ መነሻው ዘወትር ሸክላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ማስቀረጻቸው፣ በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በአዋጅ መሰጠቱ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ማሳተሙ ይወሳል። ይህ ሁሉ መወሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሸክላን የታሪክ መለኪያ ያደረገ ጸሐፊ፣ ሸክላ ያልደረሰበትን አገር ሁሉ ዝም ብሎ እንደ ኖረ መቁጠሩ አይቀርም።

የስሜን አገር ዝም ብሎ አልኖረም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰውን መንገድ፣ ከዚያም በሳንቃ በር አልፎ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ወደ ተቀመጠችው ወደ አምባራስ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ፣ የሰርግ ወራት ያለ ማሲንቆ እንደማያልፍ ያውቃል። ከሰርገኞቹ አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይናገራል፤ አዝማሪውም ወዲያው ቤቱን አስተካክሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሰሚው ሰሙን ይዞ ሲስቅ፣ ወርቁ የገባው ጥቂት ቆይቶ ይስቃል። ታዲያ ግጥሙ የማን ነው? የሰጪውም የተቀባዩም ነው። እንዲህ እየተሰጠና እየተመለሰ ሌሊቱ ይነጋል፤ የባለ45 ዙር ሸክላ አንድ ገጽ ግን ከ3 ወይም ከ4 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ከደባርቅ ተነሥቶ ማስቀረጫው ያለበት አዲስ አበባ ለመድረስም ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልግ ነበር።

የላሊበሎች ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ላሊበሎች ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ከሰው ደጅ ቆመው የሚያዜሙ ናቸው። መዝፈኑን የተወ ሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚል የቆየ እምነት ስለ እነርሱ ይነገራል። የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስምና የቤቱን ሁኔታ አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ያንኑ በዜማ አዋሕደው ያሞግሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ይመርቃሉ። ለአንዱ ደጅ የተዜመው ለሚቀጥለው ደጅ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ዘፈን ነጋዴ ምን ብሎ ያሳትመው? ለማንስ ይሸጠው? ያልታተመው ስላነሰ ሳይሆን፣ ለአንድ ቤትና ለአንድ ማለዳ ብቻ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይና የወሎው ላሊበላ ስማቸው ገነነ። ከእነርሱ በታች የነበሩት ግን በየበዓሉና በየስብሰባው ተጫውተው፣ አንዲት ካሴት እንኳ ሳያወጡ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ተበተኑ። እርግጥ ነው፣ ከዘፈኑ ብዙው የታዘዘ መፈክር ነበር፤ ለመፈክሩ የሚያዝን አይኖርም። ዳሩ ግን በመፈክሩ መካከል ያገሩ ዜማና ያገሩ እስክስታ ያልፍ ነበር፤ ያ ደግሞ ትእዛዝ አልነበረም።

ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ወጣቶቻችንም የሚጫወቱት ሂፕ ሆፕ ከኒው ዮርክ ከተማ ሠፈሮች በአንዱ፣ በብሮንክስ፣ ሲወለድ ያለ ሸክላ ነበር። ኩል ሄርክ የተባለው የሸክላ አጫዋች ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ከተጫወተበት የታወቀ ግብዣ አንሥቶ እስከ 1972 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ጨዋታው በመንገድና በአዳራሽ ከመካሄዱ በቀር፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚቀባበሉት ካሴት ብቻ ይሰማ ነበር። በሄርክ አጠገብ ማይክራፎን ይዞ ታዳሚውን በስሙ እየጠራ ያሞግስ የነበረው ኮክ ላ ሮክ በዚያ ዘመን አንድም ሸክላ አላወጣም። ታዳሚን በስም መጥራት! የእኛ ላሊበሎች ቢሰሙት እንግዳ ባልሆነባቸው ነበር። በኋላም ዓለም የሰማው የመጀመሪያው ታላቅ የራፕ ሸክላ ሲወጣ፣ ግራንድማስተር ካዝ የጻፋቸው ስንኞች በሌላ ሰው አፍ ገቡ፤ የካዝ ስም ግን አልተጻፈም።

በአገራችን ካሴቶች ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ ሕዝብ» የሚለውን ጽሑፍ ያላየ የለም። ቃሉ የጋራ ሀብትን የሚያከብር ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ዜማ ከገጠር ሰርግ ተነሥቶ ከተማ ሲገባና ሲታተም፣ ዘፋኙ ስም አለው፣ አሳታሚው ስም አለው፤ ዜማውን ያመጣው አዝማሪ ብቻ «ሕዝብ» ይባላል። ሕዝብ ደግሞ ድርሻዬን ብሎ አይጠይቅም።

በዚህ ረገድ የተደረገ ጥረት ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ የጎንደርን ላሊበሎችና የአዝማሪ ልጆች በፊልም ቀርጿል። ወደ ላይ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲኬድም የሚጠየቅ ሰው አለ። በ1970 ዓ.ም. የ18 ዓመት የኪነት አባል የነበረ ሰው ዛሬ 60ን አልፏል። በየትኛው በዓል ምን እንደ ተዘፈነ፣ ግጥሙን ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንደ ተቀበለ ይናገራል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያዜምም ይገኛል።