በራይን ወንዝ የጭነት መርከብ መሪ ለመሆን የሚሰጠው ሥልጠናና የሥራው ሁኔታ

ከስዊዘርላንድ አልፕስ ተራሮች ተነስቶ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከሰሜን ባሕር ጋር የሚቀላቀለው የራይን ወንዝ 1 ሺህ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ከባዝል ከተማ እስከ ባሕሩ ያለው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ክፍሉ ለትላልቅ የጭነት መርከቦች አገልግሎት ይሰጣል። በወንዙ ላይ የሚሠራ 110 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መርከብ እስከ 3 ሺህ ቶን ይጭናል። ይህም እያንዳንዳቸው 25 ቶን የሚይዙ 120 የጭነት ተሽከርካሪዎች ከሚያጓጉዙት ጋር እኩል ነው።

በወንዙ ላይ የሚካሄደው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ በ1815 በቪየና ጉባዔ መሠረቱ በተጣለውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በስትራስቡርግ በሚገኘው የራይን ማዕከላዊ የመርከብ ጉዞ ኮሚሽን ይመራል። ኮሚሽኑ የሚሠራበት የማንሃይም ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ በ1868 ነው።

በጀርመን አንድ ወጣት ወደ ሙያው የሚገባው በአብዛኛው ከአንድ የመርከብ ድርጅት ጋር የተለማማጅነት ውል በመፈራረም ነው። ሥልጠናው በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት እየተፈራረቀ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና በመባል ከሚታወቀው አሠራር ጋር ይቀራረባል። ተለማማጁ አብዛኛውን ጊዜ በመርከብ ላይ እየኖረ ይሠራል፤ የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱን ደግሞ በዱይስቡርግ ወይም በሾነቤክ በሚገኙ የሙያ ትምህርት ቤቶች ይከታተላል። በዱይስቡርግ ሠልጣኞች የሚያድሩት በወንዙ ዳር በቆመችው «ራይን» የተባለች የትምህርት መርከብ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ ከነሐሴ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን ደንብ ሙያውን በሁለት ከፍሎታል። የመርከብ ሠራተኛነት ሥልጠና 3 ዓመት፣ ለካፒቴንነት የሚያበቃው ደግሞ 3 ዓመት ከመንፈቅ ይወስዳል። እ.ኤ.አ በ2017 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በበኩሉ ለተለማማጅነት ቢያንስ 15፣ ለመርከብ መሪነት ደግሞ ቢያንስ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። በሥልጠና ፕሮግራም የሚያልፍ ዕጩ የ360 ቀናት የጉዞ ልምድ፣ የጤና ማረጋገጫና የሬዲዮ መገናኛ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በራዳር ለመጓዝና ልዩ አደጋ ባለባቸው የወንዝ ክፍሎች ለማለፍ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የተለማማጁ የዕለት ሥራ ቀላል አይደለም። ገመድ ማሰርና መፍታት፣ የጭነት ክፍሎችን ማጽዳት፣ ሞተር መከታተል፣ ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት ከሥራዎቹ መካከል ናቸው። ከዚህ ጎን ለጎን የወንዙን ሕግ ይማራል። ለምሳሌ ሁለት መርከቦች ሲገናኙ በየትኛው ጎን እንደሚተላለፉ የሚያመለክተው ወደ ላይ የሚጓዘው ነው። በቀኝ ጎን መተላለፍ ሲፈልግ ሰማያዊ ሰሌዳ ከብልጭ ድርግም ከሚል ነጭ መብራት ጋር ያሳያል።

የሥራ ሰዓትን በተመለከተ እ.ኤ.አ በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰዓት፣ በ7 ቀናት ውስጥ ከ84 ሰዓት በላይ መሥራትን ይከለክላል። በተከታታይ መሥራት የሚቻለውም ቢበዛ ለ31 ቀናት ነው። በብዙ ድርጅቶች ሠራተኛው ሁለት ሳምንት በመርከብ ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ይህ ረጅም ዕረፍት የሚያስገኝ ቢሆንም ከቤተሰብና ከጓደኛ መራቅን ስለሚያስከትል ብዙ ወጣቶች ሙያውን ከመምረጣቸው በፊት የሚያመዛዝኑት ጉዳይ ነው።

ከባዝል በታች እስከ ኢፈትስሃይም ባለው ክፍል የውኃው ከፍታ የሚጠበቀው በ10 ግድቦች ሲሆን፣ መርከቦች በየግድቡ ባሉ የማሳለፊያ በሮች ዝቅና ከፍ እየተደረጉ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ባሕር ወንዙ በነፃ የሚፈስ በመሆኑ ጥልቀቱ በዝናብና በበረዶ መጠን ይወሰናል። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2018 በካውብ የሚገኘው የውኃ መለኪያ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ንባቡ የወንዙ ሙሉ ጥልቀት ባይሆንም፣ በዚህን ጊዜ መርከቦች ከአቅማቸው ጥቂቱን ብቻ ለመጫን ተገደዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ንባቡን ከመርከቡ ጠልቆ የሚገባ ክፍል ጋር አገናዝቦ የጭነቱን መጠን መወሰን ይኖርበታል።

የጭነት ስሌት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ ጥር 13 ቀን 2011 በሎረላይ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ ነው። ወደ 2 ሺህ 400 ቶን የሚጠጋ ሰልፈሪክ አሲድ የጫነችው «ዋልድሆፍ» የተባለች መርከብ ስትገለበጥ፣ ከአራቱ ሠራተኞች በሕይወት የተረፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የወንዙ ትራንስፖርትም ለሳምንታት ተስተጓጉሏል። ምርመራው ያመለከተው የመርከቧ ሚዛን በቂ እንዳልነበረ ነው፤ ታንኮቹ እስከ አፋቸው ካልሞሉ ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ሚዛን ያሳጣል።

በመሆኑም የመርከብ መሪነት ፈቃድ መሪውን ከመጨበጥ ችሎታ በላይ ኃላፊነትን ያረጋግጣል። ጭነቱ በትክክል መደልደሉን፣ ውኃው መብቃቱንና ሠራተኛው ማረፉን አረጋግጦ መርከቡ እንዲነሳ ወይም እንዲቆይ የሚወስነው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ፈቃዱን የያዘው መሪ ነው።